በአደራ ተቀብለው በቀኑ የመለሱት የወይዘሮ ጵርስቅላ ኤርሲዶ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጵርስቅላ ኤርሲዶ ከአባታቸው ከአቶ ኤርሲዶ ሀንዳሞና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉነሽ ላቾሬ በ1952 ዓ.ም. በፎንቆ አካባቢ ተወለዱ። ቀኑን የመዘገበ የለም። እናታቸው «ገብሱ ታጭዶ፣ ስንዴው ገና ቆሞ ሳለ ነው» ይሉ ስለነበር ቤተሰቡ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው ብሎ ተስማምቶ ኖሯል።

አባታቸው ቤት ሠሪ ነበሩ። የሣር ቤት ምሰሶው ሲበሰብስ ጣራውን ሳያፈርስ ምሰሶ መቀየር የሚችል ሰው በአካባቢው ጥቂት ነበርና አቶ ኤርሲዶ ከሩቅ ይጠሩ ነበር። ጣራውን ዙሪያውን በባላ ይደግፋሉ፤ አሮጌውን ምሰሶ ያወጣሉ፤ አዲሱን ይተክላሉ፤ ከዚያ ባላዎቹን አንድ በአንድ ይነቅላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን የቤቱ ሰው እዚያው እሳት አንድዶ ይበላል፣ ይተኛል። ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ «ባላው ይቆይልን፣ ቤቱ ይጠነክርልናል» ብለው ይለምኗቸው ነበር። እሳቸው ግን «ባላ ከከረመ ምሰሶው ሥራ ይፈታል» ብለው ነቅለው ይሄዳሉ። ልጃቸው መሣሪያ እያቀበሉ ያደጉት እንዲህ ባሉ ቤቶች ውስጥ ነው።

ወይዘሮ ጵርስቅላ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በፎንቆ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሆሳዕና አክስታቸው ቤት ተቀምጠው ተማሩ። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ ቁጥር የሚቆጥሩት ግን በሀዲይኛ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያየ ሁሉ የሚጸልዩ ይመስለው ነበር። አዲስ አበባ ሄደው በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ካገኙ በኋላ በ1973 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት ድርጅት የዱራሜ ቅርንጫፍ ተቀጠሩ። እዚያም የከምባታውን ተወላጅ መምህር ተረፈ ኤርጋኖን አግኝተው በ1976 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። ሐዳሳና አጵሎስ የተባሉ ሁለት ልጆችንም ወለዱ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀን ጠዋት ሳይመጡ ቀሩ። ወንበሩን የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ ነገ ማን ምን እንደሚጠየቅ የሚያውቅ አልነበረምና። «አዲስ እስኪመደብ ድረስ» ተብሎ ሥራው ለወይዘሮ ጵርስቅላ ተሰጠ። ያ «እስኪመደብ» ሁለት ዓመት ፈጀ። ውሳኔ ሲወስኑ «አንቺ ማን ነሽ?» ይባላሉ። ሳይወስኑ ሲቀሩ «ታዲያ ለምን ተቀመጥሽ?» ይባላሉ። በመጨረሻ አዲሱ ሰው ሲመጣ ቢሮውን አስረክበው ወደ ቀድሞ ጠረጴዛቸው ተመለሱ፤ ለመምህር ተረፈም «የማለቂያው ቀን የማይታወቅ ውክልና ሰውንም ሥራውንም ያበላሻል» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ቀን ያልተቆረጠለትን ውክልና ተቀብለው አያውቁም።

ከመንግሥት ሥራ ከወጡ በኋላ ስማቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ተላለፈ። ዱራሜ ውስጥ የአንድ የግል ትምህርት ቤት መሥራች ባለቤታቸው ሞተውባቸው ልባቸው ሥራ አልይዝ ሲል ወይዘሮ ጵርስቅላ ለአንድ መንፈቅ ትምህርት ቤቱን መሩ። የአንድ ማኅበር ሊቀ መንበር ለሕክምና ሲሄዱም ቦታውን ያዙ። በሌላ አገር ይህ ሙያ ስም አለው፤ የሚያሠለጥኑትና የሚያገናኙት ድርጅቶችም አሉት። እዚህ ስም ስላልነበረው ሰው የመሰለውን አወጣላቸው፤ «እትዬ ተጠባባቂ» አላቸው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንድ ቀን ሊቀልድባቸው ፈልጎ «እትዬ ተጠባባቂ፣ እንቅልፍ ሲመጣብኝ ለኔም ይወክሉኛል?» ቢላቸው፣ «ላንተ እንቅልፍ ተወካይ አያስፈልገውም፤ በር ላይ አይቼሃለሁ፣ በደንብ እየሠራኸው ነው» አሉት። ልጃቸው ሐዳሳ ግን አትስቅም ነበር። «እማዬ፣ የሰው ወንበር ስታሞቂ የራስሽ የቱ ነው?» ትላቸው ነበር።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማሞገስ ይቀናዋል። እውነቱ ግን በሁሉም ቦታ አልተሳካላቸውም። ቦኖሻ ላይ ሁለት ሸሪኮች ተጣልተው ሊበትኑት የነበረ አንድ ክሊኒክ ለአራት ወር ይዘው ነበር። ሸሪኮቹ ሳይታረቁ ቀኑ ደረሰ። «ትንሽ ይቆዩልን» ተብለው ተለመኑ፤ አልቆዩም። ክሊኒኩ ወር ሳይሞላው ተዘጋ። ቢቆዩ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ የሚለውን ቤተሰቡም አያውቅም፤ እሳቸውም አላወቁም። ለመምህር ተረፈ ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያነሱ ነበር።

በዚህ ጥያቄ ላይ ሳሉ ነው የአቶ አክሊሉ ነገር የመጣው።

ቤተሰቡ ያን ጊዜ ሆሳዕና ይኖር ነበር፤ የአቶ አክሊሉን የዱቄት ፋብሪካ ሆሳዕና ውስጥ የማያውቅ የለም። ከአንድ ዳቦ ቤት ተነሥተው ያቆሙት ነው። ስንዴ የሚገዙት እሳቸው፣ ዱቄት የሚያከፋፍሉት እሳቸው፣ ወፍጮው ሲቆም እጅጌያቸውን ሰብስበው የሚገቡት እሳቸው፣ ሠራተኛ ሲጣላ የሚያስታርቁትም እሳቸው ነበሩ። ምሳቸውን የሚበሉት ቆመው ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ጆንያ ሲራገፍ እያዩ ባሉበት ወደቁ። ግራ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ። አዲስ አበባ ተወስደው ታክመው ሲመለሱ የሐኪሙ ቃል አብሯቸው መጣ፤ «ስድስት ወር የሥራ ወሬ እንኳ አይስሙ። ደም ግፊትዎ እንደገና እንዲህ ከወጣ አናተርፍዎትም» የሚል።

ነገሩ ግልጽ ነበር። አቶ አክሊሉ ከሠሩ ይሞታሉ። ካልሠሩ ፋብሪካው ይቆማል፤ የስንዴ መግዣው ወቅት ደርሷል፤ በዚያ ወቅት ያልገዛ ወፍጮ ክረምቱን ባዶውን ይከርማል። ከስልሳ በላይ ቤተሰብ የሚኖረው ከዚያ ወፍጮ ነው።

የአቶ አክሊሉ የመጀመሪያ ልጅ ማራኪ ወደ ወይዘሮ ጵርስቅላ ቤት መጣች። «እትዬ፣ አባቴን ይያዙልኝ» አለቻቸው።

«አባትሽን ሐኪም ይዟቸዋል። እኔ የምይዘው ፋብሪካውን ነው። እስከ መቼ?»

«እስኪሻላቸው።»

«እስኪሻላቸው ቀን አይደለም፣ ልጄ።»

ሰኔ አንድ ላይ ተስማሙ። በማግሥቱ ሠራተኛውን ሰብስበው «ስሜ ጵርስቅላ ነው፤ ሰኔ አንድ ቀን እሄዳለሁ። እስከዚያ ጥያቄ ያለው እኔ ጋ ይምጣ» ሲሉ አንዷ ዱቄት አሻጊ «ሳይገቡ መሄድ!» ብላ ሁሉንም አሳቀች። እሳቸውም ሣቁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያዩት ነገር አስደነገጣቸው። በአገራችን የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይታደርም፤ መልካም ልማድ ነው። የአቶ አክሊሉ ቤትም ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይጠፋበትም ነበር። ሠራተኛው ይመጣል፣ ነጋዴው ይመጣል፣ ሾፌሩ ይመጣል። ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ይገባል፤ ይጸልያል፤ አሜን ይባላል። ከአሜኑ በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ያቺን ነገር ግን እንዴት እናድርጋት?» ይላል። ክፋት የለበትም። ታላቅን ሳያማክሩ መሥራት ንቀት ነው ብሎ ያደገ ሰው የሚያደርገው ነው። አቶ አክሊሉም ትራሳቸውን ተደግፈው ይመልሳሉ። ቢሮው አልጋው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ማራኪ በየማታው የምትለካው ደም ግፊትም ይወጣ ነበር እንጂ አይወርድም።

ወይዘሮ ጵርስቅላ ይህን ካዩ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደ ፋብሪካው ከመሄዳቸው በፊት፣ ማታም ከሥራ መልስ የአቶ አክሊሉ ቤት በር ላይ መቆም ጀመሩ። «ለጸሎት የመጣ ይግባ፤ ለሥራ የመጣ ፋብሪካ ይምጣ» ይላሉ። በከተማችን በሽተኛ ጠያቂን በር ላይ ማስቆም ነውር ነው። አቶ ወልደኪዳን የተባሉ የዱቄት ነጋዴ ተቆጡ። «እትዬ፣ በሽተኛ መጠየቅ ተከለከለ እንዴ?»

«አልተከለከለም፤ ይግቡ። የዱቄቱን ነገር ብቻ እዚህ እኔ ጋ ያስቀምጡት።»

አቶ ወልደኪዳን ገቡ፤ ሻይ እንኳ ሳይቀርብላቸው ወጡ። «ለካ ከዱቄት ሌላ ወሬ የለኝም!» ብለው እየሣቁ ሄዱ። ሁሉም ግን አልሣቀም። «ሰውየውን ዘግታበት ፋብሪካውን ልትወርስ ነው» የሚለው ወሬ ገበያ ደረሰ፤ ከገበያም ቤተ ክርስቲያን ገባ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰላም የማይሏቸው ሰዎች በዙ። መምህር ተረፈ «ተዪው፣ ምን አገባሽ?» ቢሏቸው «ከተውኩት ይሞታሉ» አሉ።

የአቶ አክሊሉ ታላቅ ወንድም አቶ ዘርአብሩክ ስንዴ ከሚያቀርቡት አንዱ ነበሩ። በጥር ወር ያለ ጊዜው ዝናብ ዘነበና አውድማ ላይ ያለ ስንዴ ራሰ። አቶ ዘርአብሩክ ከቦኖሻ፣ ከሚስታቸው ወገኖች፣ ሁለት የጭነት መኪና ስንዴ አስጫኑ። አማቾቻቸውም ጋቢያቸውን ደርበው አብረው መጡ። ወይዘሮ ጵርስቅላ መኪናው ላይ ወጥተው አንድ ጆንያ አስፈቱ፤ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡ። ውስጡ ይሞቃል። እንዲህ ያለ ስንዴ ከደረቁ ጋር ከተከመረ ሳምንት ሳይሞላው መጋዘኑን ሁሉ ያሻግታል።

«አቶ ዘርአብሩክ፣ ይህ አይገባም» አሉ።

«የአማች ጭነት በር ላይ አይመለስም! አክሊሉ ቢኖር ይህን ያደርግ ነበር?»

«ምናልባት አያደርጉም ነበር። ደግ ናቸው። አሁን ግን እኔ ነኝ።»

አቶ ዘርአብሩክ መኪኖቹን በሩ ላይ እንደቆሙ ትተው ወደ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ቀን ነበርና በሩ ላይ ወይዘሮ ጵርስቅላ አልነበሩም፤ ታላቅ ወንድምን የሚመልስ ደግሞ በዚያ ቤት ማንም የለም። ከአልጋው ሥር ተቀምጠው አለቀሱ። «በአማቾቼ ፊት ራቁቴን አስቀረችኝ» አሉ። አቶ አክሊሉ ልብሳቸውን እንዲያመጡላቸው አዘዙ።

ማራኪ መኪናውን እየነዳች ፋብሪካው በር ሲደርሱ ሥራ ቆመ። ሠራተኛው ዱቄት እንደለበሰ ወጣ። አቶ አክሊሉ ከመኪናው መውረድ አልቻሉም፤ መስኮቱን ብቻ ዝቅ አደረጉ። ፊታቸው ቀልቶ ነበር።

«ንገራት!» አሉ አቶ ዘርአብሩክ። «ፋብሪካው የማን ነው?»

ወይዘሮ ጵርስቅላ ወደ መስኮቱ ቀረቡ። ያን ጊዜ ቦኖሻ የተዘጋው ክሊኒክ ዓይናቸው ላይ እንደመጣ ኋላ ለመምህር ተረፈ ነግረዋቸዋል። ድምፃቸው ግን አልተሰበረም።

«ፋብሪካው የእርስዎ ነው፣ አቶ አክሊሉ። ይግባ ካሉ ይገባል፤ አንድ ቃል አልናገርም። ነገር ግን ዛሬ እርስዎ ከወሰኑ ነገ ጠዋት ይህ ሁሉ ሰው አልጋዎ ሥር ነው። እኔም እዚህ የምሠራው የለኝም። የመጋዘኑ ቁልፍ ይኸው።»

አንደኛው አማች ከጆንያው አንድ እፍኝ ስንዴ ዘግነው ወደ መኪናው ቀረቡ። አቶ አክሊሉ ደኅናውን እጃቸውን በመስኮቱ አወጡ። ስንዴ በእጃቸው ነክተው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ሊፈርዱ ነው ብሎ ሁሉም ተጠጋ። ማራኪ «አባዬ…» ብላ አቆመች። እጃቸው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ መልሰው ወደ ውስጥ አስገቡት።

«ጋሼ» አሉ ወንድማቸውን፤ «እኔ በሽተኛ ነኝ። ቤት መጥተህ እግዚአብሔር ይማርህ በለኝ። ስንዴውን እሷን ጠይቅ። ማራኪ፣ አዙሪው፤ እንሂድ።»

መኪኖቹ ተመለሱ። ያን ማታ የአቶ አክሊሉ ደም ግፊት ማራኪ ካየችው ሁሉ የከፋ ነበር፤ ቤተሰቡ ልብሱን ሳያወልቅ አደረ። እሳቸው ግን በሕይወት አደሩ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ወደ አልጋው የሥራ ጥያቄ ይዞ የሄደ የለም፤ እሳቸው ራሳቸው አልመልስም እንዳሉ አገር ሰምቷልና።

ወይዘሮ ጵርስቅላ ሽማግሌ ይዘው ቦኖሻ ድረስ ሄደው አማቾቹን ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው ስንዴውን ስለመመለሳቸው አልነበረም፤ በሰው ፊት ስለመመለሳቸው ነበር። ከስንዴው የተረፈው ደርቆ መጣና ተገዛ፤ የቀረው ሻግቶ ባከነ። ለዚያ ኪሳራ የሚወቅሷቸው ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ወቀሳው ጨርሶ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። በዚያኑ ዕለት በፀሐይ የሚሰጣበት ቦታ ቢፈልጉለት ይተርፍ ነበር ብለው ራሳቸውም ተናግረዋል።

በቀሩት ወራት ያደረጉት ግን ስንዴ ከመመለስ የሚበልጥ ነው። «አንድ ሰው ታመመና አራት ሥራ ቆመ» ይሉ ነበር። ግዢውን ለአንዱ፣ ስርጭቱን ለሌላው፣ ወፍጮውን ለባለሙያው ሰጡ፤ የሂሳብ ሠራተኛዋን ፀደይን በየስብሰባው ከጎናቸው አስቀምጠው ሁሉን አያይዛ እንድትመራ አለማመዷት። ስትሳሳት አይቀድሟትም፤ «እሺ፣ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?» ብቻ ይሏታል። አቶ አክሊሉ በሚያዝያ በከዘራ መራመድ ጀመሩ፤ በግንቦት ግማሽ ግማሽ ቀን መጡ። የደከመ ሰው ማረፍ የሚችለው ሥራው ሌላ እጅ እንደለመደ ሲያይ ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ወንበሩን የማይመኝ ሰው በመካከል መቆም ነበረበት።

ሰኔ አንድ ቀን አቶ አክሊሉ «እትዬ፣ አንድ ዓመት ይጨምሩልኝ» አሏቸው። ሠራተኛውም ለመነ። ወይዘሮ ጵርስቅላ በቦኖሻው ነገር እንቅልፍ ያጡ ሰው ነበሩና መልሱ ቀላል አልሆነላቸውም። ሆኖም «ከጨመርኩልዎ እርስዎ እኔን ይለምዳሉ፤ ፀደይም አታድግም» ብለው ቁልፉን አስረክበው በባጃጅ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በዚያ ሳምንት በየቀኑ ፋብሪካው የሚገኝበትን አቅጣጫ እያዩ የወፍጮውን ድምፅ ያዳምጡ እንደነበር ቤተሰቡ ያውቃል።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ታመሙ። በሆሳዕናና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐኪሞች ሊረዷቸው እንደማይችሉ ሲነግሯቸው ቤታቸው ለመመለስ መረጡ። ሕመሙን በትዕግሥት ብቻ ተሸከሙት ብንል ልክ አይሆንም፤ የተቆጡባቸውም ያለቀሱባቸውም ቀኖች ነበሩ። ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ፣ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም አረፉ።

ወይዘሮ ጵርስቅላ የአርባ ሁለት ዓመት የትዳር ጓደኛቸውን መምህር ተረፈ ኤርጋኖን፣ ልጆቻቸውን ሐዳሳንና አጵሎስን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ወንድሞቻቸውንና እኅቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከለቀስተኛው መካከል አቶ ዘርአብሩክም አሉ፤ ከቦኖሻ የመጡትን አማቾቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

አቶ አክሊሉ ከትናንት ጀምረው ከዚህ ድንኳን አልወጡም። ትናንት ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ መጥተው ለቀብሩ ፋብሪካው ይዘጋ እንደሆነ ጠይቀዋቸው ነበር፤ «ፀደይን ጠይቋት» አሏቸው። ፀደይ ሠራተኛውን በሁለት ከፈለችው፤ ግማሹ እዚህ ቆሟል፤ ግማሹ ወፍጮው ላይ ነው። አቶ አክሊሉ ማንን የት እንደመደበች አላወቁም፤ አልጠየቁምም።

የሰጠን አምላክ የእናታችንን ነፍስ በእቅፉ ያኑር። ለመምህር ተረፈና ለልጆቹ መጽናናትን፣ ሸክም ለከበደበት ሁሉ የሚያግዘው ሰው ይስጥልን። አሜን።